መድኃኒቱ ረከሰ፣ በሩ ጠበበ

ስለ ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት በተለይ 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ስለሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችና ልጆቻቸው የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ከኋላ ቆማችሁ ስልክ የምትነካኩ ልጆችም ጭምር። እንዲያውም በተለይ እናንተ። የምናወራው ስለ ወላጆቻችሁ ኢንሹራንስ ነው፤ የክፍያ ቢሉ ሲመጣ ግን የሚደወለው ለእናንተ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ኢንሹራንስ አልሸጥም። ከማንም ኮሚሽን አልቀበልም። ሰው ፎርም ሲሞላ አግዛለሁ፣ የሚመጣውን ደብዳቤ አነባለሁ፣ በቃ። ደብዳቤውን ታውቁታላችሁ። ወፍራም ነው፤ ቁም ነገሩ ደግሞ መሃል ላይ ተቀብሯል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በቅርብ ዓመታት ሁለት ትልልቅ ሕጎች ወጥተዋል። አንዱን ፕሬዚዳንት ባይደን በኦገስት 2022 ፈረሙት። ሌላውን ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጁላይ 4 ቀን 2025 ፈረሙት። የመጀመሪያው ሜዲኬር ያለው ሰው ለመድኃኒት የሚያወጣውን ገንዘብ ቀነሰ። ሁለተኛው ወደ ሜዲኬር የሚያስገባውን በር አጠበበ። ስለዚህ አንድ ሰው "ነገሩ ተሻሻለ ወይስ ባሰበት?" ብሎ ሲጠይቀኝ "እርስዎ የት ነዎት? ውስጥ ነዎት ወይስ ደጅ?" ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። የእኛ ሰው ሁለቱም ጋ አለ። አንድ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ አጎት ውስጥ ናቸው። ልጃቸው አምና ያመጣቻቸው እናት ደግሞ ደጅ ናቸው። ሁለቱ እራት እየበሉ ስለ "ሜዲኬር" ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያየ ዓለም ነው።

መሠረቱን ፈጠን ብዬ ልለፈው። ፓርት ኤ ሆስፒታል ሲተኙ ነው። ፓርት ቢ ለሐኪም፣ ለላቦራቶሪ፣ ለምርመራ ነው። ፓርት ዲ ለመድኃኒት ነው። አድቫንቴጅ የሚባለው እነዚህን በአንድ ላይ ጠቅልሎ በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ነው። ለዛሬው ይበቃናል።

ሜዲኬርን እንደ እድር አስቡት። ሰው ሲታመም ሮጦ የሚገቡበት አይደለም፤ መዋጮው ቀድሞ ነው የሚቆጠረው። እዚህ መዋጮው "ክሬዲት" ይባላል። 40 ክሬዲት ያለው ሰው 65 ዓመት ሲሞላው ፓርት ኤን ያለ ወርኃዊ ክፍያ ያገኛል። በዓመት የሚያዘው ከ4 አይበልጥም፤ ስለዚህ ቢያንስ አሥር ዓመት ታክስ እየከፈሉ መሥራት ማለት ነው። በ2026 አንድ ክሬዲት የሚገኘው በ1,890 ዶላር ገቢ ነው። አራቱን ለመሙላት 7,560 ዶላር ይበቃል። የባል ክሬዲት ለሚስት፣ የሚስትም ለባል ይሠራል። የልጅ ክሬዲት ግን ለእናት አይሠራም። ልጁ ሃያ ዓመት ሙሉ ታክስ ቢከፍል እንኳ ለእናቱ አንዲት ክሬዲት አያስገኝም። ሲነገራቸው ብዙ ልጆች ይናደዳሉ። እኔም አልፈርድባቸውም።

ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሕጉን የፈረሙት በጁላይ 30 ቀን 1965 ነው። ለመፈረም ሚዙሪ ድረስ ሄዱ። ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ የሕክምና ኢንሹራንስ ለሁሉም ይሁን ብለው ያልተሳካላቸው ሃሪ ትሩማን እዚያ ነበሩና የመጀመሪያው ካርድ ለእሳቸው ተሰጠ። በ1966 የፓርት ቢ ወርኃዊ ክፍያ ስንት ነበር? 3 ዶላር። ዘንድሮ፣ በ2026፣ 202 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነው።

ከምሥራቹ እንጀምር። ፋርማሲ እንግባ።

ፓርት ዲ በ2006 ሥራ ሲጀምር አንድ ክፉ ቀዳዳ ነበረው። "ዶናት ሆል" ይሉታል። ሰውዬው የተወሰነ ያህል መድኃኒት ከገዛ በኋላ ኢንሹራንሱ ዘወር ይልና ወጪው በእሱ ላይ ይወድቃል። ቀዳዳው በየዓመቱ እየተደፈነ ቢመጣም ሌላ ችግር ነበር፤ ጣሪያ የሚባል ነገር አልነበረም። ውድ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከፍተኛው ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላም 5 በመቶውን እየከፈለ ይቀጥላል። የአሥራ አምስት ሺህ ዶላር መድኃኒት 5 በመቶ 750 ዶላር ነው። በየወሩ።

የ2022ቱ ሕግ ይህን በደረጃ አፈረሰው። ከ2023 ጀምሮ የኢንሱሊን ኮፔይ፣ ማለትም ታካሚው ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ፣ በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ ተደረገ። የሺንግልስ ክትባትና ሌሎች ለአዋቂ የሚታዘዙ ክትባቶች ነፃ ሆኑ። በ2024 ያ 5 በመቶ ቀረ። በ2025 አንድ ሰው ፓርት ዲ ውስጥ ላለ መድኃኒት በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው ከ2,000 ዶላር እንዳያልፍ ተወሰነ። ዘንድሮ ጣሪያው 2,100 ነው። ዶናት ሆልም አብሮ ተዘጋ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን ድርድሩ ነው። ሜዲኬር ስንትና ስንት ሚሊዮን ሰው ይዞ የመድኃኒት ዋጋ መደራደር በሕግ ተከልክሎ ነበር። መርካቶ አንድ ጥንድ ጫማ የምትገዛ ሴት እንኳ ያላትን መብት! ክልከላው በከፊል ተነሣ። የመጀመሪያዎቹ አሥር መድኃኒቶች ዋጋ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ከአሥሩ ውስጥ ብዙዎቹን ይህ አዳራሽ በስም ያውቃቸዋል። ደም ማቅጠኛው ኤሊኩዊስ አለ። ዛሬልቶ አለ። ለስኳር የሚታዘዙት ጃርዲያንስ፣ ጃኑቪያና ፋርሲጋ አሉ። ለልብ ድካም ኤንትሬስቶ አለ። ኖቮሎግ ኢንሱሊንም አለ።

አንድ ምሳሌ ላስላ። ወረቀት ያላችሁ ጻፉ። አንድ አባት ኤሊኩዊስና ጃርዲያንስ ይወስዳሉ እንበል። የኤሊኩዊስ የወር ዝርዝር ዋጋ 521 ዶላር ነበር፤ በድርድር 231 ሆነ። ጃርዲያንስ 573 ነበር፤ 197 ሆነ። ሁለቱ በአንድ ላይ 1,094 የነበረው 428 ሆኗል። ዕቅዳቸው የመደበኛውን 615 ዶላር ዲዳክቴብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ራሳቸው የሚከፍሉትን) ሙሉ በሙሉ የሚያስከፍል ከሆነ በጃንዋሪ 428ቱን ራሳቸው ይከፍላሉ። በፌብሩዋሪ የቀረውን 187 ዲዳክቴብል ይጨርሱና ከተረፈው ላይ 25 በመቶ ይጨምራሉ፤ 247 ዶላር ገደማ። ከማርች ጀምሮ 107 ዶላር በወር። ዓመቱ ሲያልቅ 1,745 ዶላር አካባቢ ይሆናል። በ2025 እነዚሁ ሁለት መድኃኒቶች በዝርዝር ዋጋቸው ሲሰሉ 2,000ውን ጣሪያ በቀላሉ ይነኩ ነበር። ጣሪያው ባይኖር ደግሞ ከሦስት ሺህ ያልፍ ነበር። የእናንተ ዕቅድ ቁርጥ ያለ ኮፔይ ካለው ቁጥሩ ይለያል፤ አቅጣጫው ግን ይኸው ነው።

ጃንዋሪ ላይ 428 ዶላር አንድ ላይ ማውጣት ይከብዳል። የጡረታ ቼኩ ገና ሳይገባ ነው እኮ። ለዚህ ከ2025 ጀምሮ መፍትሔ አለ። ክፍያውን በዓመቱ ወራት ላይ አከፋፍሉልኝ ማለት ይቻላል። ወለድ የለውም። ግን በራሱ አይመጣም፤ ለመድኃኒት ዕቅዱ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፋርማሲው መስኮት ላይ ቢጠይቁ "እኛ አናውቅም" ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው፤ የእነሱ ሥራ አይደለም።

ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች "ኤክስትራ ሄልፕ" የሚባል አለ። በ2024 ሰፋ ተደርጓል። ለአንድ ሰው በዓመት እስከ 24 ሺህ ዶላር ገደማ ገቢ ያለው ሙሉውን እርዳታ ሊያገኝ ይችላል። የባንክ ተቀማጭ ይታያል። የሚኖሩበት ቤትና መኪናቸው ግን አይቆጠሩም። ይህን ያገኘ ሰው ዘንድሮ ለውዱ መድኃኒት እንኳ ቢበዛ 12 ዶላር ከ65 ሳንቲም ይከፍላል። አንድ ሰው "እኔ ቤት አለኝ፣ አይሰጡኝም" ብሎ ሳያመለክት ሲቀር አንጀቴ ይቃጠላል። ቤቱን የሚጠይቀው የለም!

ምሥራቹ እዚህ ላይ ያበቃል።

ሶሻል ሴኪዩሪቲ፣ የመንግሥቱ የጡረታ ክፍያ፣ ዘንድሮ 2.8 በመቶ ጨመረ። አማካዩ ጡረተኛ 56 ዶላር ገደማ ተጨመረለት። የፓርት ቢ ክፍያ ደግሞ ከ185 ወደ 202.90 ወጣ፤ የ17 ዶላር ከ90 ልዩነት። ክፍያው ከቼኩ ላይ ቀድሞ ስለሚቆረጥ ከጭማሪው ሲሶው እጅ ሳይገባ ሄደ። ይህ ለአማካዩ ነው። የእኛ ሰው ቼክ ብዙ ጊዜ ከአማካዩ በታች ነው። በወር 900 ዶላር የሚያገኝ ሰው ጭማሪው 25 ዶላር ከ20 ነው። ፓርት ቢ ሲቆረጥ 7 ዶላር ከ30 ይቀረዋል። አንድ ኪሎ ቡና እንኳ አይገዛም። ሕጉ ለአብዛኛው ሰው ቼኩ በዚህ ምክንያት ከአምናው እንዳያንስ ይከላከላል። እንዲጨምር ግን አያደርግም።

አሁን ወደ በሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፤ ታገሡኝ።

ሲትዝን የሆነ ልጅ እናቱን ያመጣል። ግሪን ካርዱ ይመጣል። እናት 68 ዓመታቸው ነው፣ ግፊትና ስኳር አለባቸው። ልጁ "65 ስላለፋት ሜዲኬር ታገኛለች" ብሎ ያስባል። አታገኝም። የራሷ ወይም የባሏ 40 ክሬዲት ከሌላት በግሪን ካርድ ተከታታይ አምስት ዓመት መኖር አለባት። አምስቱ ዓመት ሲሞላም በነፃ አይደለም፤ ገዝታ ነው። ዘንድሮ ፓርት ኤን ከ30 በታች ክሬዲት ያለው ሰው የሚገዛው በወር 565 ዶላር ነው። ፓርት ቢ 202.90 ይደመራል። በወር 767 ዶላር ከ90 ሳንቲም። በዓመት ከዘጠኝ ሺህ ዶላር በላይ ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ገና ሳይቆጠር። እርግጥ ገቢያቸው በጣም ዝቅ ላለ ሰዎች ስቴቱ ይህን ክፍያ የሚሸፍንበት ፕሮግራም አለ። የገቢው ልክ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አንድ አይደሉም። ፖቶማክን ተሻግሮ ቤት መቀየር ብቻ መልሱን ሊቀይረው ይችላል።

ታዲያ እስከ አምስቱ ዓመትስ? እስከ አምና ድረስ መውጫ ነበር። ሜዲኬይድ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ በብዙ ቦታ አምስት ዓመት ጠብቁ ይላል። ግን ኦባማኬር፣ በመንግሥት ድጎማ ከግል ኩባንያ የሚገዛው ኢንሹራንስ፣ እነዚህን እናቶች ይቀበል ነበር። ገቢ የላቸውም፣ ሜዲኬይድም ገና አልፈቀደላቸውም፤ ስለዚህ መንግሥት ድጎማውን እየከፈለ ኢንሹራንሱ ለእነሱ በጣም ርካሽ ይሆን ነበር። የ2025ቱ ሕግ ይህን መውጫ ዘጋው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የቤተሰቡ ገቢ መንግሥት ካስቀመጠው የድህነት ወለል በታች ከሆነና ሜዲኬይድ የከለከላቸው በኢሚግሬሽን ሁኔታቸው ከሆነ ድጎማው የለም። ያለ ድጎማ ዋጋው ስንት ነው? ለትልቅ ሰው የሚጠየቀው ለ21 ዓመት ወጣት ከሚጠየቀው እስከ ሦስት እጥፍ ድረስ ነው። በወር ሺህ ዶላር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ መስማት የተለመደ ሆኗል።

ልብ በሉ፣ "የቤተሰቡ ገቢ" ነው ያልኩት። ልጁ እናቱን በታክሱ ላይ ጥገኛ አድርጎ ካስገባ የሚቆጠረው የልጁ ቤተሰብ ገቢ ነው። ያ ገቢ ከድህነት ወለሉ በላይ ከሆነና ከላይኛው ጣሪያ ካላለፈ የድጎማው በር እንደገና ሊከፈት ይችላል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ እናቱን በእርግጥ የሚያስተዳድር ልጅ ያለው መብት ነው። ግን ኢንሹራንሱን ከመግዛታችሁ በፊት ታክስ ከሚሠራላችሁ ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ብዙ ሰው ኢንሹራንሱን በኖቬምበር ይገዛል፣ ታክሱን በኤፕሪል ይሠራል፤ ሁለቱ ወረቀቶች አይተዋወቁም።

የላይኛውን ጣሪያ ካነሳሁ አይቀር፣ ገና 65 ያልሞላቸው ሰዎች እዚህ አሉ። ከ2021 እስከ 2025 የኦባማኬር ድጎማው ጨምሮ ነበር። ጭማሪው በ2025 መጨረሻ አበቃ። አሁን ገቢው ከድህነት ወለሉ አራት እጥፍ ያለፈ ሰው ምንም አያገኝም። ለዘንድሮ ለአንድ ሰው ጣሪያው 62,600፣ ለባልና ሚስት 84,600 ዶላር ነው። ሁለቱም 62 ዓመት የሆናቸው ባልና ሚስት 85,000 ቢያገኙ በ400 ዶላር አለፉ ማለት ነው። አምና በነበረው ሥርዓት ለመደበኛው ዕቅድ የሚከፍሉት ከገቢያቸው ከ8.5 በመቶ አይበልጥም ነበር፤ በወር ወደ 600 ዶላር። አሁን ሙሉ ዋጋ ነው። በብዙ ስቴቶች ለሁለት ሰው በወር ከሁለት ሺህ ዶላር ይበልጣል። ሜሪላንድን የመሰሉ ጥቂት ስቴቶች በራሳቸው ገንዘብ ቀዳዳውን በከፊል ለመሸፈን ሞክረዋል። ለአራት መቶ ዶላር ገቢ ይህን ያህል ቅጣት፣ ጉድ አይደለም?

ሁለተኛው የበሩ ጉዳይ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ስለማይወራ። በጥገኝነት ወይም በስደተኝነት የገባ፣ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የመቆያ ከለላ) ያለው ሰው ሠርቶ፣ ታክስ ከፍሎ፣ 40 ክሬዲቱን ከሞላ ሜዲኬር ያገኝ ነበር። ከጁላይ 4 ቀን 2025 ወዲህ አዲስ ሜዲኬር የሚሰጠው፣ ከጥቂት ልዩ ቡድኖች በቀር፣ ለሲትዝንና ለግሪን ካርድ ባለቤት ብቻ ነው። ቀድሞ ያገኙትስ? ሁኔታቸው ካልተቀየረ ከጃንዋሪ 4 ቀን 2027 ሳያልፍ ይቋረጥባቸዋል። ለእነዚሁ ለስደተኞችና ጥገኝነት ላገኙ ሰዎች የፌዴራሉ ሜዲኬይድ በኦክቶበር 1 ቀን 2026 ይቆማል። የኦባማኬር ድጎማቸው በጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ይቆማል። በሦስት ወር ገደማ ውስጥ ሦስት በር ይዘጋል።

ሃያ ዓመት መዋጮ የከፈለን ሰው ከእድሩ ማስወጣት ነው ይሄ። እንዲህ ስል ፖለቲካ መናገሬ ከሆነ ይሁን።

መደረግ ያለበት ግልጽ ነው። ጥገኝነት ካገኙ ዓመታት አልፈው "ምን ያጣድፈኛል" ብለው ግሪን ካርድ ሳያመለክቱ የተቀመጡ ሰዎች አሉ። ሥራ ፈቃድ አላቸው፣ ኑሮ ይገፋል፣ ነገሩ ይረሳል። አሁን ያጣድፋል። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ጠበቃ ደውሉ። ጠበቃ እንጂ የጎረቤት ልጅ አይደለም።

ድንገተኛ ሕመም ከመጣ ኢንሹራንስ የለኝም ብላችሁ ቤት እንዳትቀሩ። ከ1986 ጀምሮ ሜዲኬር የሚቀበል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሉ የመጣን ሰው መርምሮ ማረጋጋት በሕግ ግዴታው ነው። ቢሉ ግን ይመጣል። ሲመጣ "ቻሪቲ ኬር"፣ ማለትም አቅም ለሌለው ሰው ቢሉን የሚቀንስ ወይም የሚሰርዝ እርዳታ፣ ፎርሙን ስጡኝ በሉ። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ሁሉ እንዲህ ዓይነት ፖሊሲ እንዲኖራቸው ይገደዳሉ። መጀመሪያ በክሬዲት ካርድ ከፍሎ በኋላ መጠየቅ ነገሩን ያከብደዋል።

ስለ ቀን ትንሽ ልበል። የሜዲኬር መመዝገቢያ ሰባት ወር ነው፤ 65 የሚሞላበት ወር፣ ከፊቱ ሦስት፣ ከኋላው ሦስት። ልደቱ የቱ ነው? ወረቀቱ ላይ ያለው። እናቴ የተወለደችው በጥቅምት ነው፣ በማርያም ዕለት ነው ቢሉ አይሰማም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጃንዋሪ 1 የተወለደ እጁን ያውጣ ብል ስንቱ እንደሚያወጣ ይታየኛል! (ሳቅ) እንግዲህ ለጃንዋሪ አንዶች አንድ ነገር። ልደቱ በወሩ የመጀመሪያ ቀን የሆነ ሰው ሜዲኬሩ የሚጀምረው አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው። ለእናንተ ዲሴምበር 1 ነው። መመዝገቢያችሁም ከሴፕቴምበር እስከ ማርች ነው።

ይህን ያሳለፈ ሰው በየሙሉ ዓመቱ የፓርት ቢ ክፍያው 10 በመቶ ይጨምራል፤ ለአንድ ዓመት ሳይሆን ዕድሜ ልክ። ሦስት ዓመት ያዘገየ ሰው በዘንድሮው ዋጋ በየወሩ 60 ዶላር ከ90 ይጨምራል። አሁንም እየሠሩ ኢንሹራንሱን ከመሥሪያ ቤት የሚያገኙ፣ መሥሪያ ቤቱም 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ከሆነ ያለ ቅጣት መቆየት ይችላሉ። ሥራ ሲለቁ ስምንት ወር ይሰጣቸዋል። ኮብራ፣ ማለትም ሥራ ከለቀቁ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ኢንሹራንስ በራስ ገንዘብ ማስቀጠል፣ ግን አይቆጠርም። "ኮብራ አለኝ" ብሎ አንድ ዓመት ተኩል የተቀመጠ ሰው ዕድሜ ልክ ይከፍላል።

ስለ አድቫንቴጅ አጭር ነገር። በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ድረስ ስልኩ አያርፍም። ጥርስ፣ መነጽር፣ ግሮሰሪ የሚገዛ ካርድ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ ጓደኛዬ ወስዳለች ተብሎ ይገባል። ዕቅዱ መጥፎ ነው አልልም። ከሜዲኬር ሰው ግማሽ የሚበልጠው እዚያ ነው ያለው። ለሦስት ነገር ግን መልስ ሳትሰሙ አትፈርሙ። ሐኪማችሁ ይቀበለዋል ወይ? መድኃኒታችሁ ዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ? ምርመራ ሲታዘዝ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል ወይ? ሌላም አለ። ሜዲኬር የማይከፍለውን የሚሞላውን ሜዲጋፕ ያለ ጤና ጥያቄ መግዛት የሚቻለው ከ65 በኋላ ፓርት ቢ በጀመረ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ስቴት ኩባንያው "ስኳር አለብዎት" ብሎ እምቢ ማለት ይችላል። ወደ አድቫንቴጅ መግባት ቀላል ነው፤ ስኳርና ልብ ይዞ መውጣቱ ነው የሚከብደው።

ጥያቄዎች ነበሩ። ሦስቱን ላስቀምጥ።

አንድ አባት "ታክሲ ስነዳ አካውንታንቱ ወጪ እያበዛ ታክሱን ዝቅ ያደርግልኝ ነበር፤ ይሄ ይጎዳኛል?" አሉ። አዎ፣ አባቴ፣ ይጎዳል። ክሬዲት የሚቆጠረው ወጪው ተቀንሶ በቀረው ላይ ነው። ገቢው በጣም ዝቅ ካለ የዓመቱ አራት ክሬዲት አይሞላም፤ የጡረታ ቼኩም ያንሳል። ገና የምትሠሩ ሰዎች በሶሻል ሴኪዩሪቲ ድረ ገጽ ገብታችሁ ስንት ክሬዲት እንዳላችሁ እዩ። 36 ይዞ ሥራ ያቆመ ሰው አንድ ዓመት ቢሠራ በሩ ይከፈትለታል። በ30 እና በ39 መካከል ያለውም ቢሆን ፓርት ኤን በ565 ሳይሆን በ311 ይገዛል።

አንዲት እናት ደግሞ "የሚከራየውን ቤታችንን ሸጥን፤ አሁን ሜዲኬር ክፍያ ጨመረብን፣ ስህተት ይሆን?" አሉ። ስህተት አይደለም። ገቢው ከፍ ያለ ሰው ለፓርት ቢ ተጨማሪ ይከፍላል። የሚታየውም የሁለት ዓመት በፊቱ ታክስ ነው፤ ለ2026 የ2024ቱ። ለብቻው ከ109 ሺህ፣ ለባልና ሚስት ከ218 ሺህ ዶላር ካለፈ የመጀመሪያው እርከን በአንድ ሰው 284 ዶላር ከ10 ነው። ቤት መሸጥ ደግሞ ይግባኝ ከሚቀበሉባቸው ምክንያቶች ውስጥ አይደለም፤ ሥራ ማቆም ወይም የትዳር ጓደኛ ሞት ግን ነው። ደግነቱ ሽያጩ የአንድ ዓመት ነገር ስለሆነ በሚቀጥለው ዓመት ይወርዳል።

የመጨረሻው ጥያቄ "ክረምቱን አዲስ አበባ ብከርምስ?" የሚል ነበር። ሜዲኬር አዲስ አበባ ለሚገኝ ሆስፒታል አይከፍልም። አንዳንድ ሜዲጋፕ በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀን ውስጥ ለገጠመ ድንገተኛ ሕመም፣ ከ250 ዶላር ዲዳክቴብል በኋላ 80 በመቶ ይሸፍናል፤ በዕድሜ ልክ እስከ 50 ሺህ ዶላር። አድቫንቴጅ ያላቸው ሰዎች በአጠቃላይ ከስድስት ወር በላይ ከአካባቢያቸው ከራቁ ከዕቅዱ ሊሰረዙ ይችላሉ። "ጠቅልዬ ገባሁ" ብሎ ፓርት ቢን የሚሰርዝ ሰውም አለ። የልጅ ልጅ ናፍቆት ሲመልሰው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያለውን መመዝገቢያ ይጠብቃል፤ ቅጣቱም ይቆጠርበታል። አምስት ዓመታቸውን ገና እየቆጠሩ ያሉ የግሪን ካርድ እናቶችና አባቶች ደግሞ ረጅም ቆይታ ነዋሪነታቸውን ሊያጠያይቅ ስለሚችል ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ይጠይቁ።

ለማንኛውም ጥያቄ በየስቴቱ ነፃ የሜዲኬር አማካሪ አለ። በዲሲና በሜሪላንድ "ሺፕ"፣ በቨርጂኒያ "ቫይካፕ" ይባላል። ምንም አይሸጡም። የሜዲኬር ስልክ 1-800-633-4227 ነው። ሲደውሉ "አምሃሪክ" ይበሉ፤ አስተርጓሚው በነፃ ነው። ካርድዎንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ ሚሊግራሙን ጭምር ይጠይቃሉ።